የእድራችን ኢሜይል ሲሞላ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኢሜይል ልካችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ስልክ ደውላችሁ «ልኬልሃለሁ፣ ደረሰ?» ብላችሁ አታውቁም? አትዋሹ። እኔ አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ኢሜይል ላክልኝ ብሎ ከሚመጣው ሰው ውስጥ፣ ልኬ ሳበቃ ስልኩን ከኪሱ የማያወጣ አላየሁም። «ተልኳል» እለዋለሁ። «ቆይ እስቲ» ይለኛል። ወዲያ ያለው ሰው «አዎ፣ ገብቷል» እስኪለው ድረስ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

ድሮ እስቅባቸው ነበር። «ይሄ እኮ በጋሪ የተጫነ ገብስ አይደለም፣ መንገድ ላይ አይፈስም» እያልኩ እቀልድ ነበር። አሁን አልስቅም። አሁን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ነው የምደውለው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ?

ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው አድራሻ በሙሉ የእሳቸው ሣጥን ነው። ከሐረርም ይምጣ ከጅዳ፣ ፖስታው ላይ «በአቶ እገሌ በኩል ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ» ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው ከሥራ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ኮታቸውን እስኪያወልቁ እንኳ የሚታገሣቸው የለም። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። አድራሻ ማለት ለእኛ የግቢ ቧንቧ ነው፤ አንድ ቦታ ከገባ ለሁሉም ይበቃል።

እናም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት እድራችንን «የኢሜይል አድራሻ አምጡ» ሲለው፣ ጸሐፊው እኔ ነኝና በነፃ ከሚሰጡት አንዱን ከፈትኩ። ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉ የጠፋ ዕለት ማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደዚያ ስልክ ነው። የራሴን ልሰጥ ብዬ እጄን ያዝኩ። ሊቀመንበር እያለ ጸሐፊ ስልኩን ይሰጣል? ማኅተሙ ያለው እሳቸው ጋ፣ የድንኳኑ ቤት ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ። ስለዚህ የሊቀመንበራችንን የኦቦ ቱፋን ቁጥር ሰጠሁ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ኦቦ ቱፋን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት መጋዘን ይዘው የኖሩ የንብረት ክፍል ሰው ናቸው። ያለ ሞዴል 22 ምስማር አይወጣም። ሞዴል 22 ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ ተቀባዩ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። አንድ ቀን አለቃቸው ራሱ አካፋ ፈልጎ ቢመጣ «ፈርም» አሉት። «እኔ እኮ አለቃህ ነኝ» ቢላቸው፣ «አለቃስ ነህ፣ አካፋው ግን ይህን አያውቅም» አሉት ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ይህን አመላቸውን ይዘው ወደ እድራችን መጡ። በእሳቸው ዘመን የእድራችን ድስት አንድም ጠፍቶ አያውቅም። በኋላ ባለቤታቸው ሲያርፉ ሮቤ ያለችው ልጃቸው «አባዬ ብቻህን አትሆንም» ብላ ወሰደቻቸው። ሮቤ ስል የባሌውን አይደለም፤ የእኛን፣ የአርሲውን። ሲሄዱ ማኅተሙን ተረካከብን። ቁልፉን ተረካከብን። ድስቱን አንድ በአንድ ቆጥረን ተረካከብን። የስልክ ቁጥሩ ነገር ግን ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ኢሜይሉ ታዲያ የእድሩ ብቻ ሆኖ ቀረ መሰላችሁ? ሰፈሩ ሰማ። ሥራ የሚያመለክተው፣ ዲቪ የሚሞላው፣ ውጭ ካለ ዘመዱ ፎቶ የሚጠብቀው ሁሉ «በእድሩ በኩል ይላክልኝ» ማለት ጀመረ። እኔስ? ደስ አለኝ! ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ፣ ያን የልጅነቴን ባለ ፖስታ ሣጥን ሰውዬ የሆንኩ እየመሰለኝ ደረቴን እነፋ ነበር። የሠርግ ቪዲዮ ገባ። የልቅሶ ፎቶ ገባ። የዒድ፣ የመስቀል፣ የክርስትና ሁሉ ገባ። ነፃ ኢሜይል ልክ አለው። እዚያ ልክ ላይ ሲደርስ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ላኪው ይመልሳል። ይህን አውቃለሁ። አሥር ጊዜ «ቦታ ሊያልቅ ነው» ብሎ አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን የማንን ሠርግ ደምስሼ በማን ዓይን እታያለሁ? ነገ ዛሬ እያልኩ ተውኩት።

አሁን ወደ መርየማ ልምጣ። የጎረቤቴ የወይዘሮ ዘሃራ ልጅ ናት። እርሻ ተምራ በገበሬዎች ማኅበር የምርጥ ዘር ባለሙያ ሆና ትሠራለች። የስንዴ በሽታ ነው ሕመሟ። ማሳ መሃል ቁጭ ብላ አንድ ቅጠል እያገላበጠች ግማሽ ቀን ትውላለች። ስለዚሁ በሽታ የሚያስተምር አንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት ስታመለክት ሦስተኛዋ ነው። ሁለት ጊዜ «ይቅርታ» ብለዋታል። ለሦስተኛው ልታመለክት ሱቄ መጣች። የራሷ ኢሜይል ነበራት፤ ስልኳ ሲሰረቅ አብሮ ሄደባት። «አዲስ ልክፈት ይሆን ጋሼ?» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገራችሁ? ባልናገረው ደስ ባለኝ። «የግል ኢሜይል ይጠፋል ልጄ፣ የእድር ግን አይጠፋም። የእድሩን ስጪ። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ» አልኳት። በየቀኑ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በየቀኑ አይ እንደነበር እውነት ነው። ግን ኮምፒውተሬን ቫይረስ በላውና ባለሙያ አምጥቼ ፎርማት አስደረግሁት። የይለፍ ቃሉን ያስታውስልኝ የነበረው ኮምፒውተሩ ነው። እኔማ ከዚያ በፊት ሌባ በዛ ሲባል ሰምቼ፣ ማንም የማይገምተው ቃል ልፈልግ ብዬ እኔም የማልገምተው አድርጌ ቀይሬው ነበር። ፎርማቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ረሳው፣ እኔም ረሳሁት። ሰው ሲመጣ «መልእክት አለ?» ይለኛል። «አልመጣም» እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አልመጣም» አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ያላየሁት ነገር መጥቷል ልበል?

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መርየማ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከውጭ ተደውሎላታል። የደወለችው ሴት፣ ተቀብለንሻል፣ ግን አድራሻሽን እንድታረጋግጪ የላክንልሽ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ተመለሰብን፣ ሣጥኑ ሞልቷል ይላል፣ አለቻት። ደብዳቤው ውስጥ የምትጫን ማረጋገጫ አለች፤ እስከ ነገ ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተጫነች ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። መርየማ «ሌላ አድራሻ ልስጥሽ» ብትላት፣ አድራሻ ለመለወጥ ጥያቄው ከድሮው አድራሻ መምጣት አለበት አለቻት።  

«ጋሼ፣ በየቀኑ ያዩት የለ እንዴ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት በተሻለኝ ነበር።

እውነቱን ነገርኳት።  እናቷ ወይዘሮ ዘሃራ ይህን ሰምታ ደጄ ላይ ስትቆም ታየችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ «አልመጣም አላልከንም?» ሲለኝ ታየኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

የቀረው አንድ መንገድ ነው። «የይለፍ ቃል ረስቻለሁ» የምትለውን ተጫንኩ። «መጨረሻው እንዲህ ወደሆነ ስልክ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ልከናል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያስገቡ» አለኝ። የኦቦ ቱፋ ስልክ! ተመስገን ብዬ ደወልኩ።

አነሱት። ሰላምታው ራሱ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። አካም ነህ፣ ቤት አካም ነው፣ ከብቱስ። ከብት የለኝም። ድንኳኑስ ደህና ነው? ደህና ነው። በመሃል ስልካቸው ጢት ሲል ሰማሁ።

«ኦቦ ቱፋ፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ» አልኳቸው።

ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት። ተመለሱ። «ገብቷል። ስድስት ቁጥር ነው» አሉ።

«አዎ! ይንገሩኝ!»

«ግን ከሥሩ ‹ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ› ይላል።»

«እሱ ለሌባ ነው ኦቦ ቱፋ! እኔ ተሾመ ነኝ፣ የእድሩ ጸሐፊ!»

«ድምፅህን ዐውቄዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ራዲዮኑም ሲናገር ሰምቻለሁ። የሚያታልለው ሰው ‹እኔ እገሌ ነኝ› ነው የሚለው። ‹እኔ ሌባ ነኝ› ብሎ የሚደውል የለም። ዱጋ ነው አይደለም?»

ዱጋ ነው። እውነት ነው።  መርየማ ስልኩን ተቀብላ ለመነቻቸው። እሷንም ባረኳት፣ እናቷን ጠየቋት፣ ቁጥሩን ግን አልሰጧትም። «በአካል ኑ፣ ፊታችሁን ልይ» አሉ። አሥሩ ደቂቃ አለቀ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገኘን። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይወጣም። አንድ ሰው ጎደለ። አንድ ሰው! እኔ ሣጥን ሞላ ብዬ መከራዬን አያለሁ፣ ሚኒባሱ አልሞላም ብሎ ቆሟል። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ መጣች። ዶሮዋን መሬት ሳታስነካ እጇን ይዤ አስገባኋት። መንገዱን ሁሉ መርየማ በመስኮቱ ስንዴውን ስታይ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብድግ አለችና «ያ ማሳ ታሟል» አለች። እኔ እኮ አረንጓዴ ብቻ ነው የታየኝ። ይህች ልጅ በእኔ ምክንያት ብትቀር ያን ማሳ ማን ያየዋል? 

ሮቤ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። በጋሪ ወደ ኦቦ ቱፋ ልጅ ቤት ሄድን። ሽማግሌው በረንዳው ላይ፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁናል። ተነስተው ሳሙን። ፊቴን በደንብ አዩት። «ዱጋዳ፣ ተሾመ ነህ» አሉ። ጎሽ! አልኩ በልቤ። አለቀ።

አላለቀም። መርየማ በስልኳ አዲስ ቁጥር ጠየቀች፣ ስልካቸው ጢት አለ። ኦቦ ቱፋ መነጽራቸውን አወጡ። ጠረጉት። አንድ ደብተር አመጡ። ካርቦን አስገቡ። ካርቦን! እኔ ሱቅ ውስጥ እንኳ የሌለ ካርቦን። «ገቢ ሆኖ ነው የመጣው፤ ወጪ ሲሆን ደግሞ መፈረም አለበት» አሉ። ቀኑን ጻፉ። «የንብረቱ ዓይነት፦ ቁጥር። ብዛት፦ ስድስት» ብለው ጻፉ። «አንድ ቁጥር ነው እኮ» ብላቸው፣ «ስድስት ናቸው፣ ቆጥሬያለሁ» አሉኝ። መለኪያው ምን ይባል የሚለው ላይ ተከራከርን። እኔም ተከራከርኩ፣ ሞኝነቴ! ፈርሜ፣ ቀድደው፣ አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጥተው ቁጥሩን ስናስገባ «ጊዜው አልፏል» አለ።

እንደገና ጠየቅን። አሁን ደግሞ የድሮው ወረቀት ለአዲሱ ቁጥር አያገለግልም፣ ይሰረዝ ተባለ። «ቁጥሩን ባዶ ይተዉትና አስቀድሜ ልፈርም» አልኳቸው። ከመቀመጫቸው ተነሡ። በባዶ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ቤቱን ነው የሚያፈርሰው ብለው ሁለት የሚያውቋቸውን ሰዎች ታሪክ ነገሩኝ። በዚህ መሃል ያም አለፈ። ሦስተኛ ስንሞክር «ብዙ ጊዜ ሞክረዋል፣ ቆይተው ይመለሱ» አለን። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉት እኔን ነው። መቼ እንደምንመለስ እንኳ አልነገረንም።

ያችን ሰዓት አልረሳትም። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። ልጃቸው ምሳ አቀረበች፤ ጎረስኩ እንጂ ምን እንደበላሁ አላውቅም። በየአምስት ደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። ኦቦ ቱፋ ግን ሲያዩን ቆይተው ጠየቁኝ፤ ይሄ ሁሉ መንገድ ለምንድን ነው አሉ። ለካ በስልክ «ቁጥር ይስጡን» ብቻ አልናቸው እንጂ ምክንያቱን አልነገርናቸውም! መርየማ ነገረቻቸው። ስለ ስንዴው ነገረቻቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦታው እንደሚያልፍ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጃቸው ላይ ያለችውን ስልክ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ አንቺን ልጎዳ አይደለም። አርባ ዓመት መጋዘን ስይዝ ‹አትስጥ› የተባልኩትን ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከሰጠሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ምን ሊባል ነው?»

እኔ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። መርየማ ቀደመችኝ። አጠገባቸው ቁጭ አለችና «አባባ፣ መልእክቱን እስቲ ያንብቡልኝ፤ ቁጥሩን ሳይሆን ጽሑፉን» አለቻቸው። አነበቡላት። «‹ለማንም አይስጡ› ይላል» አሉ። «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» «‹አይጻፉ› ይላል?» አለቻቸው። ፈለጉ። «አይልም።» «እንግዲያው ለማንም አይስጡ። ለእኔም አይስጡኝ። ስልኬን ይያዙና እርስዎ በራስዎ እጅ ይጻፉት።»

 ኦቦ ቱፋ ደብተራቸውን ዘጉ። እናንተ፣ ያን ደብተር ሲዘጉ እንባዬ መጣ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስንሞክር ፈቀደልን። ጢት አለ። ሽማግሌው ቁጥሩን እንዳናይ ጀርባቸውን ሰጡን። የመርየማን ስልክ ጭናቸው ላይ አድርገው በአንድ ጣት ጀመሩ። ጣታቸው የሥራ ጣት ነው፤ ደርቋል፣ ስክሪኑ አይሰማውም። አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ይጫናሉ። ስንተኛው ላይ እንደሆኑ ማየት አንችልም። እኔ በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። መርየማ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ዘወር ብለው «ገባሁ መሰለኝ፤ ብዙ ሠርግ ይታየኛል» አሉ።

ገብተናል። አሁን ቦታ መልቀቅ አለብን። አንድ ትልቅ ነገር ከተደመሰሰ በቂ ነው። መርየማ ከሁሉ የሚከብደው የቱ እንደሆነ ደረደረችው። አንደኛ ሆኖ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሠርግ አይደለም፣ ልቅሶም አይደለም። ኦቦ ቱፋን ስንሸኝ እኔ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከነሙሉ ቪዲዮው። የላክሁትም እኔው ነኝ፣ ለታሪክ ይቀመጥ ብዬ። ያን ቀን ረዘመ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቅናት ነው ብዬ ትቻቸው ነበር። ኦቦ ቱፋ በትከሻዬ በኩል አይተው «አጥፋው፣ እኔም ያኔ ተኝቼ ነበር» አሉኝ። በገዛ እጄ አጠፋሁት።

መርየማ ወደ ትምህርት ቤቱ ገጽ ገብታ «እንደገና ላኩልኝ» የሚለውን ተጫነች። ጠበቅን። ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩን ይዘን ግቢው ውስጥ ዞርን፤ በረቱ አጠገብ ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ምንም አልመጣም። አሥር ሆነ። ምንም። አሁን አይመለስም፣ ቦታ አለ። ታዲያ የት ሄደ?  ወይዘሮ ዘሃራን ምን እላታለሁ እያልኩ ንግግር ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር፤ ንግግር አላልቅ ብሎኝ እኮ ነው።

ኦቦ ቱፋ ነበሩ ያገኙት። «ይሄ ከታች ያለውስ ምንድን ነው?» አሉ። የማይረባ ደብዳቤ የሚጣልበት ክፍል ነው አልኳቸው፤ ዕድል ወጣልዎ፣ ርስት ወረሱ የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚገቡበት። እኔ ለደንበኞቼ ሁሉ «አትንኩት» እያልኩ ነው ያስተማርኩት። «መጋዘን ስትቆጥር የማይረባውንም ትቆጥራለህ» አሉኝ። ከፈትነው። እዚያ ነበር። ከሁለት የርስት አውራሾች መሃል፣ ለመርየማ የተጻፈው፣ በክብር ቁጭ ብሏል።

ተጫነች። «አድራሻዎ ተረጋግጧል» አለ። ጥቂት ቆይቶ ቦታሽ ተይዞልሻል የሚል ሌላ መጣ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከሩብ። መርየማ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ላቤን የምጠርግ መሰልኩ እንጂ። ኦቦ ቱፋ ደብተሩን እንደገና ከፈቱና አንዲት መስመር ጻፉ፦ «ወጪ፦ የለም።»

እዚያው አድረን አርብ አሰላ ተመለስን። ሱቄ በር ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው፣ አንድ ኢሜይል። የእድሩ ለእድሩ ብቻ።» ለመጣ ሁሉ ሰበክሁ። የሰው አድራሻ መሸሸጊያ አይሆንም፣ አደራን ለሌላ ሰው ስልክ አትስጡ፣ እያልኩ። ለሰው ሁሉ «አልመጣም» ስላልኩትም ይቅርታ ጠየቅሁ። አብዛኛው ማረኝ፤ ዲቪ የሞላው ብቻ እስከ ዛሬ ሲያልፍ አያየኝም።

ቅዳሜ መርየማ የራሷን ልትከፍት መጣች። ስሟን ጻፈች፣ ይለፍ ቃሏን ጻፈች፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ «የማረጋገጫ ስልክ ያስገቡ» አላት። ቆመች። የእሷ ቁጥር ውጭ ስትሄድ ይለወጣል። የእናቷ ስልክ ሰፈሩ ሁሉ የሚደውልበት ነው። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «የእኔን ብትሰጪ...» ብዬ ጀመርኩ። አየችኝ። አየሁት ዓይኗን። 

ከዚያ የኦቦ ቱፋን ቁጥር ጻፈች። «ሌባ ቢመጣስ፣ ከእሳቸው ማን ያገኛል ጋሼ?» አለችኝ።

ይህን የሰማው ሰው በሳምንቱ ሁሉ እየመጣ «እኔንም በኦቦ ቱፋ በኩል» ይለኝ ጀመር። እኔም ስብከቴን ተውኩት። ሰው ሲሄድ ጠብቄ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣ የራሴን ኢሜይል በእሳቸው ቁጥር ቀየርኩ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ኦቦ ቱፋ ናቸው። አካም ነህ፣ ቤት አካም ነው፣ ከብቱስ አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው «ትናንት ማታ አንድ ሰው ኢሜይልህን ልክፈት ብሎ ጠይቋል መሰለኝ፣ ስድስት ቁጥር መጥቷል፤ አንተ ነህ?» አሉኝ።

እኔ ነኝ። አዲሱን ይለፍ ቃሌንም ረስቼዋለሁ። ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ሮቤ እወርዳለሁ፤ እስክሪብቶ ይዘህ ና ብለውኛል።